የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ከየት ይነሳል? ደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ ለሚያስብ ሰው የተጻፈ ማብራሪያ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ልጅ ስለ አሰልጣኝነት የሚያስበው ብዙውን ጊዜ መጫወቱ እንደማያዛልቀው ሲገባው ነው። ቁመቱ ይቆማል፣ ጉልበቱ ይታመማል፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ይመደብና ቡድኑን ይለቃል። "እንግዲያው አሰልጣኝ እሆናለሁ" የሚለው ያኔ ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አሰልጣኝነት ላመለጠ ተጫዋችነት ማካካሻ ሆኖ ከታሰበ መንገዱ ገና ሲጀመር ይሰለቻል፤ ምክንያቱም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሠራው ሥራ ከመጫወት ጋር እምብዛም አይመሳሰልም።

እግር ኳስ ቢሆን የሚያስረዳ ሰው አይጠፋም። ካፍ ሲ፣ ካፍ ቢ፣ ካፍ ኤ እየተባለ የፈቃዱ ደረጃ ስለሚወራ፣ ማን የቱን ይዞ የት ሊያሰለጥን እንደሚችል ሻይ ቤት ውስጥ ሳይቀር ይታወቃል። ቅርጫት ኳስም ኮርስና ፈቃድ አለው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ በአሰልጣኞች ማኅበሩ በኩል በደረጃ የተከፋፈሉ መመሪያዎች አዘጋጅቷል፤ የየአገሩ ፌዴሬሽኖችም በየጊዜው ሥልጠና ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ በዚህ ሙያ ሰው የሚያድገው በወረቀቱ ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር፣ ከእሱ በላይ ያለ አሰልጣኝ "ይህ ሰው አጠገቤ ቢሆን ሥራዬ ይቀላል" እንዲል ማድረግ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ይኸው ነገር በተግባር ምን እንደሚመስል ነው።

ጎበዝ ተጫዋች መሆን ግዴታ ነው?

አይደለም። ያግዛል እንጂ ግዴታ አይደለም።

ኤሪክ ስፖልስትራን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1995 ማያሚ ሂት የሚባለው የአሜሪካ ክለብ ሲገባ የተሰጠው ሥራ የጨዋታ ቪዲዮ መቁረጥ ነበር። ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ፣ ቀጥሎም ጀርመን ውስጥ በታችኛው ሊግ ተጫውቷል፤ የአሜሪካ ትልቁ ሊግ በሆነው ኤንቢኤ ግን ተጫዋች ሆኖ አያውቅም። ዋና አሰልጣኝ የሆነው በ2008 ነው። በመካከል 13 ዓመት አለ። በ2012 እና በ2013 ሻምፒዮን ሲሆን ቡድኑ ውስጥ እነ ሌብሮን ጄምስ ነበሩ፤ እሱ ራሱ ግን በተጫዋችነት ስሙ ከእነሱ ጋር የሚነሳ ሰው አልነበረም።

ማይክ ቡደንሆልዘርም በ1994 ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ውስጥ በቪዲዮ ክፍል ጀመረ። ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ እዚያው ቆይቶ የራሱን ቡድን ያገኘው በ2013፣ ከሚልዋኪ ባክስ ጋር ሻምፒዮን የሆነው ደግሞ በ2021 ነው። ብራድ ስቲቨንስ በበኩሉ በአንድ ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ ጥሩ ሥራ ነበረው። በ2000 ያንን ትቶ በትለር በሚባል ዩኒቨርሲቲ የአሰልጣኞች ክፍል ውስጥ ከታች ጀመረ። በ2007 ዋና አሰልጣኝ ተደረገ፤ በ2010 እና በ2011 ያንን ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፍጻሜ አደረሰው። ሁለቱንም ተሸነፈ፤ ቢሆንም በ2013 ቦስተን ሴልቲክስ ወሰደው።

ከዚህ በተቃራኒ ስቲቭ ከር አለ። በ2014 ጎልደን ስቴት ዋሪየርስን ሲረከብ አንድም ቀን አሰልጥኖ አያውቅም ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ነገር ግን ከር በተጫዋችነቱ አምስት ጊዜ የኤንቢኤ ሻምፒዮን የነበረ፣ በታላላቆቹ አሰልጣኞች በፊል ጃክሰንና በግሬግ ፖፖቪች ሥር ያለፈ፣ ከዚያም የቡድን ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። የእሱን ታሪክ ይዞ "ልምድ አያስፈልግም" ማለት አያስኬድም።

ቡድን የነበረውና ጥሩ የተጫወተ ሰው አንድ አደጋ አለበት። ራሱ በተፈጥሮ የሚያደርገውን ነገር ልጆቹ ለምን እንደማይችሉ አይገባውም። "ኳሱን አይተህ ያዝ እንጂ!" ብሎ ይጮኻል፤ ልጁ ግን ያጠፋው እጁ ላይ ሳይሆን አንድ እርምጃ ቀድሞ፣ እግሩ ላይ ነው። ተቀያሪ ወንበር ላይ ብዙ የተቀመጠ ሰው ይህን ቶሎ ያያል። ከዚያ ወንበር የተነሱ ጥሩ አሰልጣኞች የበዙት በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ማንም የማያየው ሥራ

ተመልካች የሚያየው አሰልጣኝ ከመስመሩ ዳር ቆሞ የሚጮኸውን ነው። በፊባ ሕግ ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው። አሰልጣኙ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት፣ በሁለተኛው ሦስት ታይም አውት፣ ማለትም ጨዋታውን አስቁሞ ቡድኑን የሚያናግርበት እረፍት፣ አለው፤ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ነው። ሁሉንም ብትደምረው አምስት ደቂቃ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ላብ እየጠረጉና ውሃ እየጠጡ ላሉ ልጆች ሊነገር የሚችለው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነገር ነው። ስለዚህ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ያልተሠራ ነገር በታይም አውት አይሠራም። ብዙ የእኛ አገር ቡድኖች ታይም አውታቸውን ለቁጣ ሲያውሉት አያለሁ። ያሳዝናል፤ ቁጣውን ልምምድ ላይ መጨረስ ይቻል ነበር።

ጀማሪ ሰው ለዋናው አሰልጣኝ የሚጠቅመው ከጨዋታ በፊትና በኋላ ባለው ሰዓት ነው። የሚሠራው ሥራ ሦስት መልክ አለው፦ መቅረጽ፣ መቁጠርና ተጋጣሚን ማጥናት።

መቅረጽ ቀላሉ ነው። ዛሬ ማንኛውም ደህና ስልክ ይበቃል። ችግሩ ብዙ ሰው ኳሷን እየተከተለ ይቀርጻል። ለአሰልጣኝ የሚጠቅመው ግን ኳስ ያልያዙት ዘጠኝ ሰዎች የት እንደቆሙ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። ስልኩን በመሐል መስመሩ ትይዩ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ አቁሞ ሜዳውን በሰፊው መያዝ ነው። ደሴ ለዚህ ታድላለች፤ ከተማዋ በተዳፋት ላይ የተሠራች ስለሆነች ከሜዳ ከፍ ያለ ግንብ ወይ ደረጃ ፈልጎ አይታጣም። ቀጥሎ አርባውን ደቂቃ ሳይሆን፣ አሥር ወይ አሥራ ሁለት ቁርጥራጭ አውጥቶ "ፒክ ኤንድ ሮል ሲጫወቱብን እዚህ ጋ እየዘገየን ነው" ብሎ ማሳየት ነው፤ ፒክ ኤንድ ሮል ማለት አንድ አጥቂ ኳስ ለያዘው ጓደኛው ተከላካዩን ከልሎ ወደ ቅርጫቱ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። ልጆች የአንድ ሰዓት ቪዲዮ አያዩም፤ አምስት ደቂቃ ግን በስልክ ተሰባስበው ያያሉ።

መቁጠሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። በእኛ ሜዳዎች የሚያዘው መዝገብ ብዙውን ጊዜ ነጥብና ፋውል ብቻ ነው። ነጥብ ስንት እንደገባ ይነግርሃል፤ ከስንት ዕድል እንደገባ አይነግርህም። አንድ ቡድን 58 ነጥብ ያስቆጠረው ቀስ ብሎ በጥንቃቄ ተጫውቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ እየሮጠ፣ ኳስ እያባከነ ሊሆን ይችላል። ለመለየት የማጥቃት ዕድሎችን መቁጠር ያስፈልጋል። በቅርጫት ኳስ ስታቲስቲክስ የተለመደው ስሌት ይህ ነው፦ ቡድኑ የወረወራቸው ኳሶች፣ ሲደመር ሳይወረውር ያበላሻቸው ኳሶች፣ ሲደመር የፍሪ ስሮው (በፋውል ምክንያት የሚሰጥ ነጻ ውርወራ) ብዛት በ0.44 ተባዝቶ፣ ሲቀነስ በማጥቃት ላይ ያገኛቸው ሪባውንዶች (ሳይገቡ ተመልሰው የተያዙ ኳሶች)።

0.44 ከየት መጣ? ሁሉም ፍሪ ስሮው ጥንድ ሆኖ አይመጣም። ፋውል እየተሠራበት ኳሱ ገብቶለት በተጨማሪ አንድ የሚወረውር አለ፤ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ ፋውል ተሠርቶበት ሦስት የሚወረውርም አለ። ስለዚህ የፍሪ ስሮውን ቁጥር በቀጥታ ለሁለት ማካፈል ትንሽ ያዛባል፤ 0.44 ከብዙ ጨዋታዎች የተገኘ ግምት ነው። የማጥቃት ሪባውንድ የሚቀነሰው ደግሞ ያው ዕድል ስለሚቀጥል ነው፤ ኳሱ ወደ ተጋጣሚ አልሄደም።

በምሳሌ እንየው። አንድ የትምህርት ቤት ቡድን 64 ጊዜ ወረወረ እንበል። 17 ጊዜ ኳስ አበላሸ፣ 18 ፍሪ ስሮው አገኘ፣ 11 የማጥቃት ሪባውንድ ያዘ፤ 58 ነጥብ አስቆጥሮ ተሸነፈ። 64 እና 17 ተደምሮ 81፤ 18 በ0.44 ሲባዛ 8 ገደማ፤ ድምሩ 89፤ 11 ሲቀነስ 78። ቡድኑ 78 ዕድል ነበረው፤ በአንድ ዕድል ያገኘው 0.74 ነጥብ ነው። ከ78ቱ ውስጥ 17ቱ ወደ ቅርጫቱ ሳይወረወሩ ጠፍተዋል፤ ከአምስት ዕድል ከአንድ በላይ ማለት ነው። ከጨዋታው በኋላ ሜዳ ዳር የሚባለው "ዛሬ ኳስ አልገባልንም" ነው። መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው፦ ችግሩ ከመወርወር በፊት ነው፤ የሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ተጋጣሚ ሲጫን ኳስ ማቀበል ላይ መሆን አለበት። አንድ ደብተርና እርሳስ ይዞ ይህን የሚያመጣ ልጅን የትኛውም አሰልጣኝ አያባርርም።

ሦስተኛው ተጋጣሚን ማጥናት ነው። የደሴ ቡድን ኮምቦልቻ ላይ የሚጫወት ከሆነ፣ ከአንድ ሳምንት በፊት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የኮምቦልቻን ጨዋታ አይቶ መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማየት ያለበት ብዙ አይደለም። ኳሱን ማን ያወጣል? በግራ እጁ ይሄዳል ወይስ በቀኝ ብቻ? ሲጨናነቁ ለማን ነው የሚሰጡት? መከላከላቸው ዞን (ቦታ መጠበቅ) ነው ወይስ ሰው በሰው? አምስቱ ሲደክሙ ማን ይገባል? አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃዋል። ከአንድ ገጽ ከበለጠ ዋናው አሰልጣኝ አያነበውም።

ይህን የምዘረዝረው ከላይ የጠቀስኳቸው ሰዎች የጀመሩት ሥራ በመሠረቱ ይኸው ስለሆነ ነው። መሣሪያቸው ይበልጣል፤ ሥራው ግን አንድ ነው። እዚያ ሀብታም ክለብ ለዚህ ሥራ ሰው ይቀጥራል። እዚህ ማንም አይቀጥርም፤ ስለዚህ ቦታው ባዶ ነው፤ ገብቶ የሚሠራ ሰው ተፎካካሪ የለውም።

መምህርነትና አሰልጣኝነት

በእኛ አገር ከዚህ ሙያ ጋር በጣም የሚቀራረበው ደመወዝ ያለው ሥራ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ነው። ይህ የድህነት ምርጫ ተደርጎ መታየት የለበትም። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ ራሱ የስፖርት መምህር ነበር፤ እኛ ወወክማ ብለን የምናውቀው ማኅበር በሚያስተዳድረው ማሠልጠኛ ውስጥ፣ ክረምቱ ከባድ ሆኖ ቤት ውስጥ ለታጎሩ ተማሪዎች የሚሆን ጨዋታ ፍለጋ ነው የፈጠረው። በነገራችን ላይ ኔይስሚዝ ኋላ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲን ሲያሰለጥን 55 አሸንፎ 60 ተሸንፏል። ጨዋታውን የፈጠረው ሰው ጎበዝ አሰልጣኝ አልነበረም። በታሪክ የአሰልጣኝነት አባት ተብሎ የሚጠራው የእሱ ተማሪ የነበረው ፎግ አለን ነው።

በወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም ስፖርት ሳይንስ የተማረ ሰው የሰውነት አሠራርን፣ የልምምድ ጫናን፣ የጉዳት መከላከልን መሠረት ይዞ ይወጣል። የቅርጫት ኳስ ዕውቀቱ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ ትምህርቱ ሁሉንም ስፖርት ስለሚያዳርስ ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ዲግሪው መነሻ እንጂ ማብቂያ አይደለም። መምህርነቱ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ልጆች፣ ሜዳና በየዓመቱ የሚደገም ዕድል ነው። አንድ የክለብ ረዳት አሰልጣኝ በዓመት የማያገኘውን የማስተማር ሰዓት አንድ መምህር በወር ያገኛል።

ሰዓቱን እንዴት እንደሚጠቀምበት ግን ልዩነት ያመጣል። በብዙ ትምህርት ቤት ሜዳ የተለመደው ልምምድ አሥራ ሁለት ልጅ በአንድ ሰልፍ ቆሞ ተራ በተራ ሌይአፕ (ወደ ቅርጫቱ ሮጦ ከቅርብ መወርወር) መምታት ነው። አንዱ አሥር ሰከንድ ቢወስድ፣ አንድ ልጅ ተራ የሚደርሰው በሁለት ደቂቃ አንዴ ነው፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አሥር ጊዜ ብቻ ይሞክራል፤ ቀሪውን ጊዜ ቆሞ ያወራል። ሁለት ኳስና አንድ ቅርጫት ብቻ ካለ፣ ስድስቱ ሦስት ለሦስት ይጫወቱ፤ ሌሎቹ ስድስት ከሜዳው ጎን በሁለተኛው ኳስ ሦስቱ እያቀባበሉ ሦስቱ ለመንጠቅ ይሞክሩ፤ በአራት ደቂቃ ይለዋወጡ። ማንም አይቆምም። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ማታ ተቀምጦ ማሰብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ትንንሽ ልጆችን የያዘ ደግሞ 3.05 ሜትር ቅርጫት ላይ በ7 ቁጥር ኳስ ማድከም የለበትም። ሚኒ ባስኬት ለሚባለው የትንንሽ ልጆች ጨዋታ የሚመከረው 2.60 ሜትር ከፍታና 5 ቁጥር ኳስ ነው። ቅርጫቱ ሲርቅ ልጁ ኳሱን ከወገቡ አንስቶ ይወረውራል፤ ያ ልማድ ኋላ ለማረም ዓመታት ይፈጃል።

እዚህ ላይ ኃላፊነትም አለ። ልጆች የሚያሰለጥን ሰው የመጀመሪያ ዕርዳታ ማወቅ አለበት፤ ከልጆች በተለይም ከሴት ልጆች ጋር ለብቻው ተዘግቶ የሚሠራ መሆን የለበትም፤ ወላጅ የልምምዱን ቦታና ሰዓት ማወቅ አለበት። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ክስ የአሰልጣኝን ሙያ፣ አንድ ጥፋት ደግሞ የልጅን ዕድሜ ያበላሻል።

ሜዳችን የሚያስተምረው

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከቆላ የመጣ ቡድን ደሴ ላይ በሦስተኛው ኳርተር (ሩብ) ትንፋሽ ሲያጥረው አይተናል። በቅርጫት ኳስ ቅያሬ ገደብ የለውም፤ ስለዚህ ደሴ ላይ ያደገ አሰልጣኝ ሜዳውን ለማጥቂያ ሊጠቀምበት ይገባል፦ መሮጥ፣ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ተጋጣሚን እረፍት መንሳት። ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ሙቀቱ የራሱን ልጆች እንደሚያደክማቸው አስቦ የውሃውንና የቅያሬውን ዕቅድ ቀድሞ ማውጣት አለበት።

ሌላው ክረምቱ ነው። የሲሚንቶ ሜዳ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ልምምድ አይያዝበትም፤ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድማ ቅርጫቱም አይታይም። ብዙ አሰልጣኝ እነዚህን ወራት ያርፍባቸዋል። ሥራውን ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ግን ኮርስ የሚወስደው፣ የዓመቱን ቪዲዮ የሚቆርጠው፣ ሕግ የሚያጠናው ያኔ ነው። የዳኝነት ኮርስ መውሰድንም እመክራለሁ፤ ቢያንስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነጥብ መመዝገብን ወይም የ24 ሰከንዱን የማጥቂያ ሰዓት መያዝን። ሕጉን ከአሰልጣኝ ወንበር ላይ ሆኖ የሚማር ሰው ሁልጊዜ የተበደለ ይመስለዋል፤ ከዳኛ ጎን ሆኖ የተማረ ግን በስምንት ሰከንድ መሐል ሜዳን አለማለፍና በአምስት ሰከንድ ኳስ ወደ ሜዳ አለማስገባት እንዴት እንደሚቆጠሩ ያውቃል፤ ልጆቹንም ያስተምራል።

የሚሠራ ቅርጫት አንድ ብቻ ባለበት ሜዳ ላይ ሦስት ለሦስት ትልቅ መፍትሔ ነው። ይህ የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጀምሮ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኗል። ግማሽ ሜዳ፣ አንድ ቅርጫት፣ 12 ሰከንድ የማጥቂያ ሰዓት፣ አሥር ደቂቃ ወይም 21 ነጥብ። አሰልጣኝ የሚሆን ሰው ደግሞ አንድ የሚገርም ሕግ ያገኝበታል፦ በጨዋታው ጊዜ አሰልጣኝ ሜዳው አጠገብ መቆም ወይም ከተመልካች መሐል ሆኖ መምራት አይፈቀድለትም። ልጆቹ ራሳቸው ይወስናሉ። ስለዚህ የሦስት ለሦስት ውድድር ሲዘጋጅ ከጀርባ ቆመህ ዝም ብለህ ተመልከት። ያስተማርከው ነገር ልጆቹ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ፈተና የለም።

ደመወዙና ወንበሩ

አሁን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር ላይ ደረስን። በዓለም ላይ አሰልጣኝን ሀብታም የሚያደርግ ገንዘብ አለ። ዲትሮይት ፒስተንስ በ2023 ለሞንቲ ዊሊያምስ የስድስት ዓመት ውል ሰጠው፤ በወጣው ዘገባ ዋጋው 78.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 14 ጨዋታ አሸንፎ 68 ተሸነፈና ተባረረ። ውሉ ዋስትና ስላለው ክለቡ ቢያባርረውም መክፈሉ አይቀርም። ማይክል ማሎን በ2023 ዴንቨርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን አደረገ፤ በ2025 መደበኛው ውድድር ሊጠናቀቅ ሦስት ጨዋታ ሲቀረው ተሰናበተ። የሙያው ጠባይ ይህ ነው፤ ገንዘቡ የሚበዛበት ቦታ ላይ ወንበሩ ይሞቃል። ልዩነቱ እነሱ ሲባረሩ ውል አላቸው። እኛ ጋ አሰልጣኝ ሲሰናበት ብዙ ጊዜ በእጁ የተጻፈ ነገር የለም።

የአገራችን ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር፣ ከመንግሥት ተቋም፣ ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከፋብሪካ በሚመደብ በጀት ነው፤ ከቲኬት ሽያጭ የሚኖር የቅርጫት ኳስ ክለብ ማሰብ ያስቸግራል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ የአሰልጣኝ ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በሰኔና በሐምሌ፣ ጨዋታ በሌለበት ጊዜ፣ ቢሮ ውስጥ ነው። በጀቱ ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው እግር ኳስ ያልሆነው ስፖርት ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ መሆኗ እዚህ ላይ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ በእኛ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሠራተኛ ይዘዋል። ለሠራተኞች ውድድር የሚሆን ቡድን አሰልጣኝ ይፈልጋል፤ ሳይጠየቅ ሐሳብ ይዞ የሚቀርብ ሰው ያስፈልገዋል።

ቦታ ሲገኝ የሚጠየቀው ውል አጭርም ቢሆን የተጻፈ ይሁን። ስንት ወር? ደመወዙ ከየትኛው በጀት? ልምምድ ስንት ቀን? የጉዞ አበል ለማን? ከመካከል ብትሰናበት ምን ይደርስሃል? "አብሽር፣ እንስማማለን" የሚለው የወሎ ቃል ለቡና ጥሩ ነው፤ ለደመወዝ አይሆንም።

መሸጋገሪያው ላይ ሌላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። ረዳት አሰልጣኝን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ዋናው አሰልጣኝ ነው፤ ዋናው ሲሄድ ረዳቱም አብሮት ሊሄድ ይችላል። ይህ ጉዳትም ጥቅምም አለው። ጉዳቱ ግልጽ ነው። ጥቅሙ፣ የሠራህለት ሰው ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ አንተን ይዞህ መሄዱ ነው። በዚህ ሙያ ሰው ሥራ የሚያገኘው በማስታወቂያ ሳይሆን በሚያውቀው ሰው ነው፤ የሚያውቀው ሰው ግን ዘመድ መሆን የለበትም፤ ሥራውን ያየ ሰው መሆን አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱ እንደሚቀላቀሉ አልክድም።

ከደሴ ወጥቶ የት ይደረሳል?

አፍሪካ ውስጥ ትልቁ የክለቦች መድረክ ኤንቢኤና ፊባ በጋራ ያቋቋሙት የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ኪጋሊ ላይ በ12 ክለቦች ተጀመረ። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የግብጹ ዛማሌክ ሲሆን አሰልጣኙ ዊል ቮይት የተባለ አሜሪካዊ ነበር። የእሱ መንገድ ለእኛ ከነ ከር ይልቅ ይጠቅማል። ስፐርስ ውስጥ ከታች ጀምሮ፣ ኖርዌይ አሰልጥኖ፣ አሜሪካ ውስጥ በትንንሽ ሊጎች ሠርቶ፣ ናይጄሪያን በ2015 የአፍሪካ ሻምፒዮን አደረገ፤ ኋላም አንጎላን ይዞ ዓለም ዋንጫ ሄደ። አንድም ትልቅ ዝላይ የለውም፤ ሌላው የማይፈልገውን ሥራ እየተቀበለ ነው የሄደው።

አውስትራሊያዊቷ ሊዝ ሚልስ ደግሞ በ2021 የኬንያን የወንዶች ብሔራዊ ቡድን ይዛ የአፍሪካ ዋንጫ በሆነው አፍሮባስኬት ላይ ቀረበች፤ በዚያ ውድድር የወንዶች ቡድን በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከዚያ በፊት ዛምቢያንና ካሜሩንን ጨምሮ በአህጉሩ ውስጥ ብዙ ሠርታለች። ቤኪ ሃሞንም ከ2014 ጀምሮ በኤንቢኤ ረዳት አሰልጣኝ ሆና ሠርታ፣ በ2022 ላስ ቬጋስን ይዛ የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ሻምፒዮን ሆናለች። ይህን የማነሳው ሴት ልጆቻችን መጫወት ሲያቆሙ ከስፖርቱ ጨርሰው ስለሚጠፉ ነው። በሁለቱ ከተሞቻችን የሴቶች ቡድን ሲኖር እንኳ አሰልጣኙ ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። ጨዋታ ያቆመች ልጅ ረዳት ሆና እንድትቆይ የሚጠይቃት ሰው ቢኖር ቡድኑም ይጠቀማል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ለመላክ ይደፍራሉ።

ለውጭ ሥልጠና ደግሞ በዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሥር ያለው ኦሊምፒክ ሶሊዳሪቲ ለአሰልጣኞች ኮርስና የትምህርት ዕድል ይደግፋል፤ የሚሰጠው በየአገሩ ኦሊምፒክ ኮሚቴና ፌዴሬሽን በኩል ነው። ስለዚህ በፌዴሬሽኑ የማይታወቅ ሰው ዕድሉ ቢመጣም አይደርሰውም። የሚታወቅበት መንገድ ከከተማው የወጣቶችና ስፖርት መምሪያ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ክልሉ፣ ከክልሉ ወደ አገር አቀፉ ፌዴሬሽን ይሄዳል። የትምህርት ቤቶችና የክልል ውድድሮች ላይ ለቡድን መሪነትም ቢሆን አብሮ መሄድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ሌሎች ከተሞች ያሉ አሰልጣኞችን የምታገኘው እዚያ ነው።

መምሪያው ቢሮ ሲገባ ደግሞ ባዶ እጅ አይሂድ። "አሰልጣኝ መሆን እፈልጋለሁ" የሚል ማመልከቻ ብዙ ነው። የአንድ የውድድር ዓመት መዝገብ፣ የየጨዋታው የማጥቃት ዕድል ስሌት፣ ጥቂት የተቆረጡ ቪዲዮዎች፣ ያሠለጠንካቸው ልጆች ዝርዝርና የልምምድ ዕቅድ ደብተር የያዘ ግን ጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው የሚጠይቀው ነገር ያገኛል፤ ንግግሩም ስለ ፍላጎትህ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሥራህ ይሆናል።